ሲዲው ይዞራል፣ ድምፅ የለም፦ የቤት ሲዲ ማጫወቻና የሪሞቱ አጠቃቀም

ጥያቄው ቃሉን እየቀያየረ ይመጣል እንጂ ነገሩ አንድ ነው። «ሲዲ አስገብቼ ኖ ዲስክ ይለኛል።» «ይዞራል፣ ድምፅ ግን የለም።» «ሪሞቱ ሞቷል፤ አዲስ የት አገኛለሁ?» «ልጄ ከአሜሪካ የላከችልኝን ሰካሁት፣ ጢስ ብሎ ቀረ።» ከነዚህ ውስጥ ማጫወቻው በእርግጥ የተቃጠለው በመጨረሻው ላይ ብቻ ነው። በሌሎቹ አብዛኛውን ጊዜ ማጫወቻው ደህና ነው፤ ሲዲው የማይነበብለት ዓይነት ሆኖ፣ ወይም ቆሽሾ፣ ወይም አንድ ቁልፍ የማይሆን ቦታ ላይ ቆሞ፣ ወይም የሪሞቱ ባትሪ ደክሞ ነው። ስለዚህ ጠጋኝ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ከታች ያለውን በተራው ሞክሩት። ቀላሉና ገንዘብ የማያስወጣው ይቀድማል፤ ካቻቢቴ የሚያስነሳው መጨረሻ ላይ ነው።

መመሪያው ለሁለት ዓይነት ማጫወቻ ያገለግላል። አንደኛው ለብቻው ቆሞ ከአምፕሊፋየር ጋር በገመድ የሚገናኝ ነው። ሁለተኛው ሬዲዮውም ካሴቱም ሲዲውም ስፒከሩም አብሮ ያለበት፣ በየቤቱ በደፈናው «ቴፕ» የሚባለው ነው። የሚለያዩበት ቦታ ላይ እነግራችኋለሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• ማጫወቻው ከነሪሞቱ
• ለሪሞቱ ሁለት ትንንሽ ባትሪ ድንጋይ (አብዛኛው የሚወስደው ትሪፕል ኤ፣ 1.5 ቮልት ነው)፤ ሁለቱም አዲስ፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት
• ጫፉ ቀይና ነጭ የሆነ የድምፅ ገመድ (ማጫወቻው ለብቻው የቆመ ከሆነ)
• አንድ መፈተኛ ሲዲ፦ ኦሪጅናል፣ ያልተጫጫረ፣ ሌላ ቦታ ሲጫወት የታየ የሙዚቃ ወይም የመዝሙር ሲዲ
• ብዙ ጊዜ የታጠበ የነጠላ ቁራጭ፣ ንጹሕ ውሃ፣ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና
• ላጲስ፣ ካሜራ ያለው ስልክ
• ማብሪያ ማጥፊያ ያለው ማከፋፈያ፤ መብራቱ በሚዋዥቅበት ሰፈር ደግሞ ስታብላይዘር

መፈተኛ ሲዲውን አትናቁት። ሲዲው ነው ወይስ ማጫወቻው የሚለውን ክርክር በአንድ ደቂቃ የሚዘጋው እሱ ነው። አንዱን ለይታችሁ ከእነ ሽፋኑ አስቀምጡ፤ ለሰው አታውሱት።

ከመጀመራችሁ በፊት

ማጫወቻው መሰኪያው ላይ እያለ ክዳኑን በካቻቢቴ አትክፈቱ፤ ውስጡ 220 ቮልት አለ። ሲዲውን የሚያነበው የሌዘር ጨረር በዓይን አይታይም፣ ስለማይታይም ዓይን ጨፈን አይልለትም። ስለዚህ ክፍት ማጫወቻ እየሠራ ሌንሱን ከላይ አትመልከቱ። ነጎድጓድ ሲጀምር መሰኪያውን ከሶኬት ንቀሉ፣ የሬዲዮ አንቴና ከውጭ የገባለት ከሆነም አንቴናውን ጭምር። ጣና ዳር የክረምት መብረቅ ብዙ ስለሆነ ቁልፉን ማጥፋት ብቻውን አይበቃም፤ መብረቁ በገመዱ ነው የሚገባው።

1. ጀርባውን አንብቡ

ከመሰካታችሁ በፊት ነው። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ጀርባው ላይ «220–240» ወይም «100–240» የሚል ካለ ቀጥታ ሰኩት። «120» ብቻ የሚል ከሆነ አትሰኩት፤ ዕቃው የተሠራው ለአሜሪካ መብራት ስለሆነ እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው ቮልቴጅ ይገባበታል፤ ፊውዙ ቀድሞ ካልተቃጠለ ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል። 220ን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ግዙለት። ለብቻው የቆመ ሲዲ ማጫወቻ የሚበላው ትንሽ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ዋት አያልፍም፤ 50 ዋት የሚችል ትራንስፎርመር ይበቃዋል። ስፒከር ያለው ቴፕ ከሆነ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ዋት እዩና እጥፉን የሚችል ውሰዱ፤ ድምፁ ሲጨምር የሚስበውም ይጨምራልና።

አንዳንዱ ጀርባው ላይ የቮልቴጅ መምረጫ አለው፤ በካቻቢቴ የሚዞር ወይም በጥፍር የሚንሸራተት። መሰኪያው ሳይገባ 220 ላይ ወይም «220–240» ላይ አቁሙት። የሰው ቤት ልጅ ሊነካካው ስለሚችል ከዚያ በኋላ በፕላስተር ሸፍኑት።

2. የታሰረውን ፍቱ

አዲስ ወይም ከሩቅ የመጣ ማጫወቻ ከሆነ ገልብጡና ሆዱን እዩ። በተለይ አሮጌ ሞዴሎች ላይ አንድ ወይም ሁለት ለየት ያለ ቀለም ያለው (ብዙ ጊዜ ቀይ) ብሎን ይገኛል። ሌንሱ የተቀመጠበት ክፍል መንገድ ላይ እንዳይናወጥ ያሰረው እሱ ነው። ካልፈታችሁት ሲዲው ይዘላል፣ ወይም ጭራሽ አይነበብም፣ እናንተም «አዲሱ ተበላሽቶ መጣ» ትላላችሁ። ፈትታችሁ ብሎኑን አትጣሉት፤ ጀርባው ላይ በፕላስተር ለጥፉት። ወደ ዘጌ በጀልባ ስታሻግሩት ወይም ቤት ስትቀይሩ መልሳችሁ ታስሩታላችሁ፤ ከማሰራችሁ በፊት ውስጡ ሲዲ አለመኖሩን እዩ።

ትሪው (ሲዲው የሚተኛበት፣ ወጣ ገባ የሚለው ክፍል) ላይ ካርቶን ወይም ስፖንጅ ተቀምጦ ከሆነም አንሱት።

3. ቦታ ስጡት

ጠፍጣፋና የማይነቃነቅ ነገር ላይ ይሁን። ስፒከር ላይ አታስቀምጡት፤ ባሱ በመታ ቁጥር ሌንሱ መንገዱን ይስታል፣ ሲዲው ይዘላል። አምፕሊፋየር ላይም አይሁን፣ ሙቀቱ ከሥር ይቀቅለዋል። በጎንና በጀርባ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍት ተዉለት።

ዳንቴሉስ? ያምራል፣ ግን ቴሌቪዥኑ ላይ ይሁን። የማጫወቻው ክዳን ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ሙቀት የሚወጣባቸው ናቸው፤ ዳንቴሉ ሲደርብባቸው አንድ ሰዓት ከተጫወተ በኋላ መዝለል ይጀምራል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይስተካከላል። «መጀመሪያ ደህና ነው፣ እየቆየ ይበላሻል» የሚለው አቤቱታ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል።

ቡና የሚፈላበት ጥግም አይሆንም። የዕጣንና የሚቆላ ቡና ጢስ ቅባት ያዘለ ነው፤ ውስጥ ገብቶ ሌንሱ ላይ ስስ ሽፋን ይሠራል። ሌንሱ ደግሞ ከምስር ፍሬ እምብዛም አይበልጥም። በየቀኑ ሦስት ጊዜ ቡና በሚፈላበት ክፍል ውስጥ ቢያንስ ከምድጃው ራቅ አድርጉት፣ ዕጣን ሲጨስም ትሪው ተዘግቶ ይሁን።

ክረምት ላይ፣ በተለይ ቤታችሁ ለሐይቁ ቀረብ ያለ ከሆነ፣ እርጥበቱን አስቡ። ማጫወቻው በዝናብ በባጃጅ ወይም በጀልባ ቀዝቅዞ መጥቶ ሞቅ ያለ ክፍል ሲገባ ሌንሱ ላይ ጤዛ ይይዛል፤ ከውጭ የገባ ሰው መነጽር እንደሚደበዝዘው ማለት ነው። በዚያ ሰዓት «ኖ ዲስክ» ቢላችሁ አትደንግጡ፤ ሲዲ ሳታስገቡ አንድ ሁለት ሰዓት አቆዩትና እንደገና ሞክሩ።

4. ገመዱን አገናኙ

ቴፕ ያላችሁ ይህን ዝለሉት። ለብቻው የቆመ ማጫወቻ ያላችሁ ሁለቱንም ዕቃ አጥፉና ቀዩን ቀይ ላይ፣ ነጩን ነጭ ላይ ሰኩ፤ ቀዩ የቀኝ ነው፣ ነጩ የግራ። ከማጫወቻው «ላይን አውት» ወይም «አውትፑት» ከሚለው ተነስቶ አምፕሊፋየሩ ላይ «ሲዲ» ወይም «ኦክስ» የሚል ቀዳዳ ይገባል። «ፎኖ» የሚለው ላይ አትሰኩት። እሱ ለሸክላ ማጫወቻ ነው፤ ደካማ ድምፅ እንዲያጎላ ስለተሠራ የሲዲውን ድምፅ ያፈርሰዋል፣ ስፒከሩንም ሊጎዳ ይችላል።

5. ለሪሞቱ ባትሪ አስገቡ

ሪሞቱን ገልብጣችሁ ክዳኑን በአውራ ጣት ተጭናችሁ አንሸራቱ። የባትሪው ጠፍጣፋ ጎን (የመቀነስ ምልክት ያለው) ወደ ስፕሪንጉ ነው የሚሆነው። አብዛኛው ሪሞት ላይ ሁለቱ ባትሪዎች ተቃራኒ ሆነው ነው የሚተኙት፤ ሁለቱንም በአንድ አቅጣጫ ማስገባት የተለመደ ስህተት ነው። አዲስና አሮጌ አትቀላቅሉ፤ ደካማው አዲሱን ይጎትተዋል፣ መጀመሪያ የሚያፈሰውም እሱ ነው። ረጅም ጊዜ የማትጠቀሙበት ከሆነ ባትሪውን አውጡት።

ሪሞቱን በላስቲክ መጠቅለል ከአቧራና ከፈሰሰ ቡና ስለሚያድነው አልቃወምም። ግን የፊተኛውን ጫፍ ክፍት ተዉት። ላስቲኩ ሲደራረብና ሲቆሽሽ ከጫፉ የሚወጣውን ብርሃን ያደክመዋል፤ ከዚያ ተነስቶ መጠጋት፣ ክንድ ዘርግቶ መጫን ይመጣል።

6. ሲዲው ምን ዓይነት እንደሆነ ለዩ

ከሁሉም በላይ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሁሉም 12 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው፣ ሁሉም የሚያብለጨልጩ፣ ሁሉም «ሲዲ» የሚባሉ ናቸው። ውስጣቸው ግን አንድ አይደለም።

የሙዚቃ ሲዲ፦ ድምፅ ብቻ አለው፣ እስከ 80 ደቂቃ ይይዛል፣ በማንኛውም ሲዲ ማጫወቻ ይጫወታል።

ቪሲዲ፦ ምስል ያለው ነው። ክሊፕ፣ ድራማ፣ ስብከት፣ የሠርግ ቀረጻ በብዛት የወጣው በዚህ ነው። የቤት ሲዲ ማጫወቻ ስታስገቡት ወይ ያዞረውና ዝም ይላል፣ ወይ ዜሮ ያሳያል፣ ወይ «ኖ ዲስክ» ይላል። ማጫወቻው አልተበላሸም፤ የሚፈልገው ምስል የሚያነብ ዲቪዲ ማጫወቻ ነው። «መዝሙሩ እዚያ ቤት ይሠራል፣ እኔ ቤት አይሠራም» የሚለው እንቆቅልሽ መልሱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፤ እዚያ ቤት ያለው ዲቪዲ ነው።

ዲቪዲ፦ በሲዲ ማጫወቻ ጨርሶ አይነበብም፤ ድምፁና ምስሉ የተጻፈባቸው ነጠብጣቦች ለሲዲ ሌዘር በጣም የደቀቁ ናቸው።

ኤምፒ ስሪ ሲዲ፦ ከመቶ በላይ ዘፈን የሚይዝ፣ በኮምፒውተር የተቀዳ። የሚጫወተው ማጫወቻው ፊት ላይ «ኤምፒ ስሪ» የሚል ጽሑፍ ካለ ብቻ ነው።

ቤት ወይም ሱቅ የተቀዳ ባዶ ሲዲ፦ ሲቀዳ «ኦዲዮ ሲዲ» ተብሎ መቀዳት አለበት፣ እንደ ፋይል ከተገለበጠ አሮጌ ማጫወቻ አያነበውም። ሲያልቅም እንዲዘጋ («ፋይናላይዝ» እንዲደረግ) ንገሯቸው፤ ያልተዘጋ ሲዲ ማውጫ የለውም፣ ማጫወቻውም ዘፈኖቹ የት እንዳሉ አያውቅም። እየተደመሰሰ ደግሞ የሚቀዳበትን ዓይነት ተዉት፤ ብርሃን የሚመልሰው ከመደበኛው በጣም ያነሰ ስለሆነ ብዙ አሮጌ ማጫወቻ አያየውም።

7. ያዙት፣ ጥረጉት

ሲዲውን ከሽፋኑ ስታወጡ መሐል ያለውን ጥርስ በአንድ ጣት ተጭናችሁ ጠርዙን ይዛችሁ አንሱ። ጎትታችሁ ካጠፋችሁት መሐሉ ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀ ሲዲ ውስጥ ሲዞር ሊሰበር ይችላል፣ አታስገቡት። ሲዲ የሚነበበው ከመሐል ወደ ዳር ነው፤ ሲጀምር በደቂቃ 500 ጊዜ ያህል ይዞራል፣ ወደ ዳር ሲደርስ 200 ያህል።

የሚያብለጨልጨው ጎን ላይ የጣት አሻራ ወይም አቧራ ካለ ለስላሳውን ጨርቅ በውሃና በአንድ ጠብታ ሳሙና አርጥባችሁ ከመሐል ወደ ጠርዝ፣ ቀጥ ባለ መስመር ጥረጉ። ሰሃን እንደሚታጠብ እያዞራችሁ አይደለም። ምክንያት አለው፦ የተጻፈው ነገር ክብ እየዞረ ነው የተቀመጠው። ከመሐል ወደ ዳር የሄደ ጭረት እያንዳንዱን መስመር ጥቂት ብቻ ነው የሚቆርጠው፣ ያንን ማጫወቻው ራሱ አስልቶ ይሞላዋል፤ የማስተካከል አቅሙ 2 ሚሊ ሜትር ከትንሽ በላይ የጠፋ መስመር ድረስ ነው። በክብ የሄደ ጭረት ግን አንዱን መስመር ርዝመቱን ይዞ ይሄዳል፣ እዚያ ላይ ስሌቱ ያልቅበታል። ከጠረጋችሁ በኋላ በንጹሕ ውሃ አለቅልቃችሁ በደረቅ ጨርቅ በዚያው አቅጣጫ አድርቁ። በቤንዚን፣ በአሴቶን ወይም በቀለም ማሳሻ አትጥረጉ፤ ፕላስቲኩን ያደበዝዘዋል።

ሌላው ሰው የማያውቀው፦ ይበልጥ የሚጎዳው ጽሑፍ ያለበት ጎን ነው። የሚያብለጨልጨው ሽፋን ያለው ከጽሑፉ ሥር፣ በስስ ቫርኒሽ ብቻ ተከልሎ ነው። በታችኛው በኩል ግን ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ፕላስቲክ ይከላከልለታል። ስለዚህ የባለቤቱን ስም በስክሪፕቶ ጫን ብሎ ሲዲው ላይ መጻፍ ዘፈኑን መቧጨር ነው። ብርሃን ላይ አንሥታችሁ እዩት፤ በነጠብጣብ ብርሃን የሚያሳልፍበት ቦታ ካለ ሽፋኑ ተነሥቷል፣ ያ አይመለስም። መጻፍ ካለባችሁ ለስላሳ ጫፍ ባለው፣ ለሲዲ በተሠራ ማርከር ጻፉ። ወረቀት አትለጥፉበት፤ ሚዛኑን ያስተዋል፣ ሙቀት ሲያገኘው ተላቆ ውስጥ ይቀራል።

8. አስገቡ፣ አጫውቱ

ሀ. ማጫወቻውን አብሩ። ከሥሩ መስመር ያለው፣ ወደ ላይ የሚያይ ሦስት ማዕዘን ያለበትን ቁልፍ («ኦፕን ክሎዝ») ተጫኑ፤ ትሪው ይወጣል። ክዳኑ ከላይ የሚከፈት ቴፕ ከሆነ በእጅ ክፈቱት።
ለ. ጽሑፉ ወደ ላይ ሆኖ ሲዲውን ሰፊው ጉድጓድ መሐል አስተኙት። ከላይ የሚከፈተው ላይ መሐሉን «ቀጭ» እስኪል በቀስታ ተጫኑት፤ ካልገባ ሲዞር ይንገላታል። ጠርዙ ላይ ወጥቶ የተቀመጠ ሲዲ ትሪው ሲገባ ይቆለፋል፣ ይጫጫራልም። አንድ ብቻ ይሁን፤ ሁለት ቀጫጭን ሲዲ ተጣብቀው እንዳይገቡ እዩ።
ሐ. ያንኑ ቁልፍ ተጫኑ። ትሪውን በእጅ አትግፉት፤ አንዳንዱ ሲገፋ ራሱ ቢገባም ጥርሶቹ ፕላስቲክ ናቸው።
መ. ጥቂት ሰከንድ ጠብቁ። ማጫወቻው መሐል ያለውን ማውጫ እያነበበ ነው፤ ሲጨርስ የዘፈኑን ብዛትና ጠቅላላ ደቂቃውን ያሳያል። በነዚህ ሰከንዶች ውስጥ ቁልፍ መደብደብ ሥራውን ያበላሽበታል። ሲዲው መሐሉ አካባቢ ከተጫጨረ ጠቅላላው የማይነበበውም ማውጫው እዚያ ስለሆነ ነው።
ሠ. «ፕሌይ» (ወደ ቀኝ የሚያይ አንድ ሦስት ማዕዘን) ተጫኑ። ቴፕ ላይ መጀመሪያ «ፈንክሽን» የሚለውን «ሲዲ» ላይ አድርጉ፤ አምፕሊፋየር ላይ ደግሞ ገመዱን የሰካችሁበትን ምረጡ። ድምፁን ከዝቅተኛው ጀምሩ።

9. የሪሞቱ ቁልፎች

ሪሞቱን ወደ ማጫወቻው ፊት፣ ጠቆር ያለ ትንሽ ፕላስቲክ መስኮት ወዳለበት አነጣጥሩ። እስከ 5 ሜትር፣ ወደ ጎንም ብዙ ሳታዘነብሉ ይሠራል።

ሁለት ቋሚ መስመር ያለው «ፖዝ» ነው፤ ባለበት ያቆመዋል፣ ግን ሲዲው መዞሩን፣ ሌዘሩም መብራቱን አያቆምም። እንግዳ ለመቀበል ለአንድ ደቂቃ ፖዝ ይሁን፤ ምሳ ልትበሉ ከሆነ ካሬ ያለበትን «ስቶፕ» ተጫኑ።

ጫፉ ላይ ቋሚ መስመር ያለው ድርብ ሦስት ማዕዘን ከዘፈን ወደ ዘፈን ይዘላል። ወደ ኋላ የሚወስደው ግራ ያጋባል፦ አንድ ጊዜ ሲጫኑት የሚመልሰው የዚያኑ ዘፈን መጀመሪያ ነው። ያለፈውን ዘፈን ከፈለጋችሁ ቶሎ ቶሎ ሁለቴ ተጫኑ። መስመር የሌለው ድርብ ሦስት ማዕዘን ዘፈኑ ውስጥ ያሮጣል፤ ሲለቁት ከዚያው ይቀጥላል። አንዳንድ ሪሞት ላይ ሁለቱም አንድ ቁልፍ ናቸው፤ ነካ ሲያደርጉት ይዘላል፣ ይዘው ሲያቆዩት ይሮጣል።

ከዘጠነኛ በላይ ያለ ዘፈን በቁጥር ለመምረጥ «10+» የሚል ቁልፍ ካለ እሱን አንድ ጊዜ ከዚያ 2ን ተጫኑ፣ 12ኛው ይመጣል። ቁልፉ ከ10 በላይ የሚል ምልክት ካለው ደግሞ እሱን፣ ከዚያ 1ን፣ ከዚያ 2ን ነው። 1ንና 2ን ብቻ ብትጫኑ አብዛኛው ማጫወቻ መጀመሪያ 1ኛውን ከዚያ 2ኛውን ነው የሚሄድላችሁ።

«ሪፒት» አንድ ጊዜ ሲጫኑት ብዙውን ጊዜ ያንኑ ዘፈን ይደጋግማል፣ ሁለተኛ ሲጫኑት ሙሉውን ሲዲ፣ ሦስተኛ ሲጫኑት ይጠፋል። መስኮቱ ላይ የሚጻፈውን እያያችሁ ተጫኑ። «ራንደም» ወይም «ሸፍል» ተራውን ያዘበራርቃል፤ «ዘፈኑ በራሱ እየዘለለ ነው» የምትሉ ካላችሁ መጀመሪያ ይህ በርቶ እንዳይሆን እዩ።

አሁን ብዙ ሰው የሚያማርርበት፦ «የሪሞቱ ድምፅ መጨመሪያ አይሠራም።» ለብቻው የቆመ ማጫወቻ ከጀርባው የሚልከው ድምፅ ብዙውን ጊዜ ቋሚ ነው፤ የሪሞቱ «ቮልዩም» ካለም የሚቆጣጠረው የጆሮ ማዳመጫውን ብቻ ሊሆን ይችላል። ድምፅ የሚጨመረው በአምፕሊፋየሩ ነው። ብልሽት አይደለም።

10. የፈለጋችሁትን ብቻ በፈለጋችሁት ተራ

ለምሳሌ ከአንድ የመዝሙር ሲዲ 4ኛውን፣ 11ኛውንና 2ኛውን ብቻ ትፈልጋላችሁ። ሲዲው ቆሞ እያለ «ፕሮግራም» ተጫኑ። 4፣ ከዚያ 10+ እና 1፣ ከዚያ 2። አንዳንዱ ማጫወቻ ከእያንዳንዱ ቁጥር በኋላ «ፕሮግራም» እንደገና እንዲጫኑ ይፈልጋል፤ መስኮቱ ላይ የተራ ቁጥሩ ካልጨመረ ያንን ነው የሚጠብቀው። በመጨረሻ ፕሌይ። ለመሰረዝ ስቶፕን ሁለቴ ተጫኑ ወይም ትሪውን ክፈቱ። መብራት ከሄደም ይሰረዛል፤ ለሠርግ ወይም ለማኅበር ካዘጋጃችሁት ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ያዙ።

11. ስታጠፉ

ስቶፕ፣ መዞሩ እስኪያቆም ጠብቁ፣ ሲዲውን አውጥታችሁ ሽፋኑ ውስጥ መልሱ፣ ትሪውን ዝጉ፣ ከዚያ አጥፉ። መብራት በድንገት ከሄደ ማከፋፈያውን አጥፉ፤ ሲመለስ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ላይ ቮልቴጁ ሊዘል ይችላል። አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቃችሁ አብሩ። ትሪው ውስጥ የቀረውን ሲዲ በቢላ ለማውጣት አትሞክሩ፤ መብራት ሲመጣ «ኦፕን ክሎዝ»ን ስትጫኑ ይወጣል።

ሪሞቱ እምቢ ሲል

መጀመሪያ የስልካችሁን ካሜራ ክፈቱ። የሪሞቱን ጫፍ ወደ ካሜራው አዙራችሁ ማንኛውንም ቁልፍ ተጭናችሁ ያዙ። የስልኩ ስክሪን ላይ ነጭ ወይም ሐምራዊ ብርሃን ብልጭ ብልጭ ካለ ሪሞቱ እየላከ ነው። በኋላኛው ካሜራ ካልታየ በፊተኛው ሞክሩ፤ አንዳንድ ስልክ የኋላውን ካሜራ ይህን ብርሃን እንዳያይ ይጋርደዋል።

ብርሃኑ ከታየ ችግሩ ከማጫወቻው ወገን ነው፦ መስኮቱ ፊት የተቀመጠ ፎቶ ወይም አበባ አለ፣ ፀሐይ በቀጥታ ይመታዋል፣ ወይም ሪሞቱ የሌላ ዕቃ ነው።

ካልታየ ባትሪውን ቀይሩ። አሁንም ካልታየ የባትሪ ቤቱን እዩ። ስፕሪንጉ ላይ ዝገት ካለ በላጲስ ፈግፍጉት። አልካላይን ባትሪ አፍስሶ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ከያዘ በጥቂት አቼቶ የነካ ጥጥ ጥረጉት፣ በእርጥብ ጨርቅ አስከትሉ፣ አድርቁት። ዱቄቱን በባዶ እጅ አትንኩ።

አንድ ሁለት ቁልፍ ብቻ እምቢ ካለ ቡና ወይም ለስላሳ ፈሶበት ነው የሚሆነው። ባትሪውን አውጡ፣ ክዳኑን ክፈቱ፣ የጎማውን ምንጣፍ ብቻ በሳሙና ውሃ እጠቡና ጥላ ውስጥ አድርቁት። የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳውን በንጹሕ አልኮል ነክታችሁ ጥረጉ። አረቄ አይሆንም፤ አልኮል አለበት ብሎ የሚሞክር አይጠፋም፣ ግን ውሃም ዝቃጭም አለው፣ ሲደርቅ ይጣበቃል።

ሪሞቱ ከጠፋ አንዳንድ የሻኦሚ ስልኮች ራሳቸው የሪሞት ብርሃን ስላላቸው የማጫወቻውን ስም መርጣችሁ ሞክሩ። ከሱቅ የሚገዛው «ለሁሉም» የሚባለው ሪሞት በብዛት ለቴሌቪዥንና ለዲሽ የተሠራ ነው፤ ከመክፈላችሁ በፊት ማጫወቻው ላይ አስሞክሩት።

ሌሎች ችግሮች

«ኖ ዲስክ» ካለ፦ ተገልብጦ ገብቶ እንደሆን፣ ከዚያ ዓይነቱን (6ኛውን እርምጃ)፣ ከዚያ የመሐሉን ቆሻሻ እዩ። ቀጥሎ መፈተኛ ሲዲውን አስገቡ። እሱ ከተጫወተ ጥፋቱ የሲዲያችሁ ነው። እሱም ካልተነበበ ብዙ ጊዜ ሌንሱ ነው።

ከዘለለ፦ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ከሆነ ሲዲው ነው። የትም ቦታ፣ ማንኛውም ሲዲ ከሆነ ሌንሱ ወይም መንቀጥቀጥ። የመጨረሻዎቹ ዘፈኖች ብቻ ከሆኑ ጠርዙ አካባቢ ቆሽሿል ማለት ነው፤ ሲነበብ ከመሐል ወደ ዳር ስለሆነ።

ከዞረና ድምፅ ከሌለ፦ ፖዝ ላይ ነው? «ሚውት» በርቷል? የጆሮ ማዳመጫ ተሰክቶ ቀርቷል? «ፈንክሽኑ» ሬዲዮ ወይም ኦክስ ላይ ነው? ብዙ ጊዜ ከነዚህ አንዱ ነው።

በአንድ በኩል ብቻ ከሰማችሁ፦ አምፕሊፋየሩ ጋ ቀዩንና ነጩን አቀያይሩ። ዝምታው ወደ ሌላው ስፒከር ከዞረ ገመዱ ወይም ማጫወቻው ነው፤ ባለበት ከቀረ አምፕሊፋየሩ ወይም ስፒከሩ።

ትሪው እያቃሰተ ካልወጣ፦ ውስጥ ያለችው ትንሽ የጎማ ቀበቶ ላልታለች። ቀላል ጥገና ነው፤ ሙሉ ሞተር ይቀየር ከተባላችሁ ቀበቶዋ ታይታ እንደሆነ ጠይቁ።

ሌንስ ማጽዳት፦ ክዳኑ ከላይ የሚከፈት ከሆነ ብቻ ራሳችሁ ሞክሩት። መሰኪያውን ንቀሉ፣ የጆሮ ጥጥ በንጹሕ አልኮል ነክታችሁ ጠብታው እንዳይፈስ ጨምቁት፣ ሌንሱን እንደ ዓይን ቆብ በቀስታ አብሱት። የተንጠለጠለው በቀጫጭን ሽቦ ላይ ስለሆነ ከተጫናችሁት ይጣመማል። አምስት ደቂቃ አድርቁት። የእጅ ሳኒታይዘር አትጠቀሙ፤ ውስጡ ያለው ቅባት ሌንሱ ላይ ይቀራል። ትሪ ያለውን ለጠጋኝ ተዉት። ስትወስዱለት መፈተኛ ሲዲውንና ሪሞቱን አብራችሁ ያዙ፣ ውስጡ የቀረ ሲዲ ካለ አስቀድማችሁ አውጡ፤ ሲዘል የሰማችሁትንም የትኛው ዘፈን ስንተኛው ደቂቃ ላይ እንደሆነ ጽፋችሁ ስጡት።